የሕክምና ሠዓሊ መቅጠር ያዋጣል? የቆልማማ እግር ቡክሌታችንን ካሠራን በኋላ

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያዋጣል። በግሏ የምትሠራ አንዲት የሕክምና ሠዓሊ ለክሊኒካችን አንድ የወላጆች ቡክሌትና አንድ የባለሙያዎች የግድግዳ ፖስተር ሠርታልናለች። ሁለቱም ታትመው ሥራ ላይ ናቸው። ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ለመቅጠር ለሚያስብ ክሊኒክ፣ የጤና ፕሮጀክት ወይም መምህር ነው። ደስ ያለኝንም ያስቸገረንንም እናገራለሁ።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክሊኒክ ነው። ለማታውቁት፣ የሕፃኑ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጣሞ ሲወለድ ማለት ነው። ከሺህ ሕፃናት አንድ ገደማ ላይ ይታያል። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮች ናቸው። የሚታከመው በፖንሴቲ ዘዴ ነው። ዘዴውን ያዳበሩት አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የስፔን ተወላጁ ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። እግሩን በእጅ ቀስ እያሉ ማቅናት፣ በየሳምንቱ ጀሶ ማሰር፣ ከዚያ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማላላት፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት የሚቆይ የመጨረሻ ጀሶ። በመጨረሻ ጫማው ይመጣል። በብረት የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ ልጁ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋሉ።

ጭንቁ ያለው እዚህ ጫማ ላይ ነው። ጀሶውን የምናስረው እኛ ነን። ጫማውን የምታደርገው ግን እናት ናት፤ ቤቷ፣ ሌሊት፣ ልጁ እያለቀሰ፣ አማቷ አጠገቧ ቆማ "እግሩ ድኗል እኮ፣ ምን አድርጎሽ ነው ልጁን የምታሰቃዪው?" እያለቻት። እግሩ ቀጥ ብሎ እያየችው ለዓመታት ለምን እንደምትቀጥል ካልገባት ትተወዋለች። ስትተወው እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። እኛ ጋ ሲመለሱ የማያቸው ልጆች አብዛኞቹ እንዲህ የሆኑ ናቸው። ስለዚህ ያ ቡክሌት ከጀሶው እኩል የሕክምናው ክፍል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ገንዘብ እንዲመደብለት የተከራከርኩትም ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት የምንሰጠው ከኢንተርኔት የወረደ ወረቀት ነበር። በሕክምና በኩል ስህተት የለበትም። ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ሕፃን ነጭ ነው፣ የሚተኛው ለብቻው በራሱ አልጋ ነው፣ አንዱ ሥዕል ላይ ደግሞ መኪና ውስጥ በሕፃን ወንበር ታስሯል። የእኛ እናቶች ልጃቸውን ያዝላሉ። ጫማው ደግሞ ብረት አለው። "ታዲያ እንዴት ነው የማዝለው?" ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ግን ስለ ማዘል አንድም ነገር አይልም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን በኤአይ እንሞክረው ብሎ ብዙ ምስል አወጣ። ሲታዩ ያምራሉ። ብረቱ ግን አንዱ ላይ ከቁርጭምጭሚት ይነሳል፣ ሌላው ላይ ከጫማው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ጀሶው ከጉልበት በታች ይቀራል። የፖንሴቲ ጀሶ ከጣት እስከ ታፋ ድረስ፣ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ ነው የሚታሰረው። ከጉልበት በታች ከቀረ ይንሸራተታል፣ እግሩንም ወደ ውጭ እንዳዞረ አይዘውም። እንዲህ ያለውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈን አዲስ ባለሙያ እሱን እያየ ቢያስርስ? ተውነው።

ሠዓሊዋን ያገኘናት በሰው በሰው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ከዚያ ወዲህ ለሕክምና መምህራንና ተማሪዎች የአናቶሚ ሥዕል ስትሠራ የቆየች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን ስንገናኝ እኛ ዋጋና የሥዕል ብዛት ልንነጋገር ነበር የተዘጋጀነው። እሷ ግን የጻፍነውን ጽሑፍ ይዛ ገጽ በገጽ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦

"እናትየዋ ይቺን ገጽ ካየች በኋላ ምን እንድታደርግ ነው የምትፈልጉት?"

እኛ "ስለ ጀሶ አያያዝ ማስረዳት" ብለን ነበር የጻፍነው። "እሺ፣ ምን ታድርግ?" አለች። ጀሶውን ውኃ አታስነካው። ጣቶቹን ቀን በቀን ትያቸው። ጣቶቹ ወደ ጀሶው ውስጥ ከገቡ ጀሶው ተንሸራቷል ማለት ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ። እንዲህ እያልን ስንሄድ ግማሹ ጽሑፋችን ወደቀ። ስለ አጥንቶቹ ስም፣ ስለ ዘዴው ታሪክ የጻፍነው ሁሉ እናትየዋን ምንም አያሠራትም። አንድም ሥዕል ሳይሳል ቡክሌቱ የተሻለው በዚህ ጥያቄ ነው። የከፈልነው ገንዘብ ሲሦው ለዚህ ብቻ ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም።

ከዚያ ጀሶ በሚታሰርበት ቀን ክሊኒክ መጣች። ወላጆችን አስፈቅዳ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስትስል ዋለች። ፎቶ የምታነሳው እግርና እጅ ብቻ ነው፣ የሕፃን ፊት አታነሳም። እኛ ሳንጠይቃት ራሷ ያወጣችው ደንብ ነው፣ በጣም ነው ያከበርኩላት። ልጁን ይዤ እግሩን ሳቀና ጠጋ ብላ "አውራ ጣትህ በትክክል የቱ ጋ ነው ያረፈው?" አለችኝ። አሳየኋት። "ከቆዳው ሥር ምን አለ?" ነገርኳት። "ትንሽ ዝቅ ብትልስ ምን ይሆናል?"

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የፖስተሩ ዋና ቁምነገር ናት። አውራ ጣት የሚያርፈው ታለስ በሚባለው አጥንት ጭንቅላት ላይ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት፣ በውጭ በኩል። እሱን ደገፍ አድርጎ ነው የቀረው እግር ወደ ውጭ የሚዞረው። ጣቱ ወደፊት ሸርተት ብሎ ኪዩቦይድ የሚባለው አጥንት መጋጠሚያ ላይ ከተጫነ ተረከዙ እንዳይዞር ይታገዳል። ባለሙያው በየሳምንቱ ጀሶ እያሰረ ይደክማል፣ እግሩ ግን አይቀናም። ልዩነቱ በሕፃን እግር ላይ በጣም ትንሽ ናት። ፎቶ ደግሞ አያሳያትም፤ ፎቶ ላይ የሚታየው ቆዳና የባለሙያው እጅ ነው፣ እጁ ራሱ መታየት ያለበትን ይሸፍናል። እሷ የባለሙያውን እጅ በቀጭን መስመር ብቻ አደረገችውና ከሥሩ አጥንቶቹ እንዲታዩ ሳለች፤ ታለስን በአንድ ቀለም ለየችው፣ ሌላው ሁሉ ቀለም የለውም። አዲስ የመጣ ባለሙያ ከፖስተሩ ፊት ቆሞ ጣቱን በራሱ እግር ላይ ሲፈልግ ሳይ ሥዕሉ ሥራውን እየሠራ መሆኑ ይገባኛል።

የሕክምና ሥዕል ድሮም እንዲህ ነው የቆመው። ማክስ ብሮደል የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ በ1894 ከላይፕዚግ ወደ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሄዶ ለቀዶ ሐኪሞች መሳል ጀመረ። በ1911 እዚያው ለሕክምና ሠዓሊዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ተከፈተና እሱ መራው። ሰውየው ከመሳሉ በፊት አስከሬን ራሱ ከፍቶ ያጠና ነበር። ኩላሊት ላይ ደም ሥር የሚሳሳበትን ቦታ ለቀዶ ሐኪሞች አጥንቶ ስላሳየ ቦታው እስከ ዛሬ የብሮደል መስመር ይባላል። በሠዓሊ ስም የሚጠራ የቀዶ ሕክምና መስመር ማለት ነው። የእኛዋም ልጅ መንገዷ ይኸው ነው፤ ሳይገባት አትስልም። አንዳንዴ ይህ ያደክማል። ግን ሐኪም ያልጠየቀውን ትጠይቃለች።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በፖንሴቲ ዘዴ መጀመሪያ የሚስተካከለው በእግሩ መሃል ያለው ጥልቅ ቅስት ነው። ለእሱ ሲባል የእግሩ ፊት በአውራ ጣት በኩል ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀሶ በኋላ እግሩ ገና ወደ ውስጥ እንደዞረ ነው፤ ለማያውቅ ሰው እንዲያውም የባሰበት ይመስላል። ለእኛ የተለመደ ስለሆነ ትዝም ብሎን አያውቅም። እሷ የመጀመሪያውን ጀሶ አይታ "እናትየዋ ይህን ስታይ ምን ትላለች?" አለች። ምን ትላለች! ትደነግጣለቻ። "አበላሹት" ብላ ወደ ወጌሻ የምትመለስ አለች። ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ለዚህ ተሰጠ። የአንድ ሕፃን እግር ከመጀመሪያው ጀሶ እስከ መጨረሻው በተርታ፣ ሁሉም በአንድ መጠንና ከአንድ አቅጣጫ ታይቶ ተሳለ። መጀመሪያው እንዲህ መሆኑ ጤነኛ እንደሆነ እናትየዋ ራሷ ተርታውን ተከትላ ታየዋለች። ከቡክሌቱ ሁሉ እናቶች ደጋግመው የሚገልጡት ይህንን ገጽ ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ማስዋቢያ ጉዳይ ያየዋል። ጀሶ የታሰረለት ሕፃን ጣቶቹ ደም በደንብ እያገኙ መሆኑ መታየት አለበት። ጣቱን ጫን ሲያደርጉት ነጣ ይላል፣ ሲለቁት ቶሎ ቀለሙ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካበጠ ጀሶው ጠብቋል ማለት ነው፣ ቶሎ መምጣት አለባቸው። የውጭው ወረቀት ይህን የሚያሳየው በሮዝ ጣትና በሰማያዊ ጣት ነበር። ጠይም ልጅ ላይ የጣቱ ጀርባ እንደዚያ አይሆንም! እናትየዋ ሮዝ ጣት ብትፈልግ መጀመሪያም አልነበረም። ለውጡ የሚታየው ጥፍሩ ሥርና በጣቱ የውስጥ ገጽ፣ በሥር በኩል ነው። ሠዓሊዋ ይህን ስንነግራት የሣለችውን ረቂቅ ትታ እግሩን ከሥር በኩል አዙራ እንደገና ሳለችው። የእናትየዋ አውራ ጣት የሕፃኑን ጣት ከሥር ጫን ሲያደርግ፣ ከዚያ ሲለቅ። ሁለት ሥዕል ብቻ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ ላይ ናይጄሪያዊው የሕክምና ተማሪና ሠዓሊ ቺዲየበሬ ኢቤ የሳለው፣ በማኅፀን ውስጥ ያለ ጥቁር ፅንስ በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን ሲያዳርስ ታስታውሱ ይሆናል። ብዙ ሰው በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥዕል አይቶ እንደማያውቅ የገባው ያኔ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር ያየሁት። ግን ከደስታም ያለፈ ነገር አለው። እኛ አገር የሚማር ተማሪ ሽፍታን፣ የዓይንና የቆዳ ቢጫነትን፣ የደም እጥረትን በነጭ ቆዳ ሥዕል ብቻ ተምሮ ወጥቶ የሚያክመው ጠይምና ጥቁር ሰው ነው። ምልክቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ መልክ ነው የሚታየው። ይህን አውቆ የሚስል ሰው ያስፈልገናል።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ፣ ቀለም ሳይገባበት፣ ለእናቶች እናሳየው አለች። እኔ ጊዜ ማባከን መስሎኝ አልነበረም፣ ግን ይህን ያህል ይወጣል ብዬም አልጠበቅኩም። ከጀሶው በላይ ያለውን ትተን እግሩን ብቻ ያሳየንበት ሥዕል ነበር። አንዲት አያት ተቀብለው ትኩር ብለው አዩና "ውይ ልጄ፣ እግሩ ተቆርጦ ነው እንዴ?" አሉ።

"አይደለም እማማ፣ እግሩን ብቻ አቅርበን ስላሳየን ነው" አለቻቸው ሠዓሊዋ።

"ልጁስ የታለ?"

ልክ ናቸው። እኛ በመጽሐፍ ስለለመድነው የተቆረጠ ነገር አይታየንም። በዚያው ቀን ወሰንን፦ የወላጆቹ ቡክሌት ላይ ሙሉ ሕፃን የማይታይበት ሥዕል አይኖርም። ቀረብ ብሎ መታየት ያለበት ነገር ካለ በአጠገቡ ሙሉው ልጅ ይኖራል፣ የእናቱም እጅ አብሮ ይታያል። የኤክስ ምልክቱም እንዲሁ ነበር። "ጀሶውን ውኃ አታስነኩ" ለማለት በውኃ ሥዕል ላይ ቀይ ኤክስ አድርገን ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ውስጥ ኤክሱን ልብ ያላሉት ነበሩ፤ አንዷ "እጠቡት ነው የሚለው" አለችን። ትርጉሙ ፍጹም ተገላበጠ ማለት ነው። ሠዓሊዋ ኤክሱን አወጣችውና እናትየዋ ልጁን በእርጥብ ጨርቅ ስታብሰው፣ ጀሶ ያለበት እግር ደግሞ ከገንዳው ርቆ ደረቅ ፎጣ ላይ ተቀምጦ ሳለች። የማይደረገውን ከመከልከል የሚደረገውን ማሳየት። ቀስቶቹንም አብዛኞቹን አወጣናቸው።

የማዘሉን ገጽ የፈታችልን አንዲት እናት ናት። ብረቱ ሁለቱን ጫማዎች ስላያያዘ ሕፃኑ እንደ ወትሮው እግሩን በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ አያደርግም። ይቺ እናት የልጁን ጉልበት አጠፍ አድርጋ፣ ብረቱን በጀርባዋ ላይ አግድም አስተኝታ፣ እንዳይቆረቁራት በመሃል የታጠፈ ጨርቅ እያስገባች ታዝላለች። ጫማው ተረከዙ ጋ አለመልቀቁን እያየሁ ደጋግማ እንድታዝል ጠየቅናት፣ ደህና ነበር። ሠዓሊዋ ከጎንና ከኋላ ሳለቻት። ይህን ሥዕል በየትኛውም አገር ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም።

ከሙያው አንድ ሌላ የተማርኩት ስለ ፎቶ ኮፒ ነው። ቡክሌቱ ሲያልቅ ጤና ጣቢያዎች እንደገና እስኪታተም አይጠብቁም፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጉታል። በጥላና በቀለም የተሞላ ሥዕል በጥቁርና ነጭ ኮፒ ሲወጣ ጥቁር ጉድፍ ነው የሚሆነው፣ በተለይ የጠይም ልጅ እግር ከሆነ። ይህንንም ቀድማ አስባበት ነበር። ዋናውን ነገር በሙሉ በመስመር ነው የሳለችው፣ ቀለሙ ላዩ ላይ ስስ ብሎ የገባ ነው። ቀለሙ ቢጠፋም ሥዕሉ ይነበባል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ጊዜ። ከተባባልነው ቀን በጣም ዘግይታለች። መብራት ጠፋ፣ ኔት የለም፣ ይገባኛል፤ እኔም እዚሁ አገር ነው ያለሁት። ግን ሥራ ውስጥ ስትገባ ስልኳን ትዘጋለች፣ ቴሌግራም አታይም። "ዛሬ አልደረሰም፣ በዚህ ቀን ይደርሳል" የሚል አንድ መስመር መልእክት ይበቃን ነበር። ማተሚያ ቤት ወረፋ ይዘን ወረፋው አልፎብናል። በዚህ በኩል አላመሰግናትም።

ዋጋዋም ቀላል አይደለም። ከተለመደ የግራፊክ ዲዛይነር እጥፍ በላይ ነው የጠየቀችን። የምታስከፍለው በሥዕል ነው፤ አጥንት የሚታይበት ሥዕል ካልሆነበት ይበልጣል። ከፊሉን በቅድሚያ፣ ከፊሉን ረቂቅ ሲጸድቅ፣ ቀሪውን ፋይል ስታስረክብ። ደረሰኝ ትሰጣለች፣ ቲን ቁጥር አላት፤ በፕሮጀክት ገንዘብ ለምትሠሩ ይህን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ያለዚያ ፋይናንስ ክፍሉ ክፍያውን ያጉላላባችኋል። እኔ ገንዘቡ አልቆጨኝም። ግን በጀት ስታወጡ "ሥዕል ነው፣ ርካሽ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ።

ግትርም ናት። እናቶቹ ላይ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ከኋላ ደግሞ የቤት ዕቃ እንዲኖር ፈልገን ነበር፣ ሙቀት እንዲኖረው። "ዓይን ወደ ጫማው ነው መሄድ ያለበት" ብላ እንቢ አለች። በአብዛኛው ልክ እንደሆነች አምኛለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ያ ገጽ የሚያስተምረው ነገር የለውም፤ እናትን እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይህ ይድናል፣ እርግማንም አይደለም የሚል ገጽ ነው። ባዶ ነጭ ወረቀት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች እናት ለእኔ ቀዝቃዛ ሆናብኛለች።

ማተሚያ ላይ የገጠመን የእሷ ጥፋት አልነበረም። ስክሪን ላይ የሚያምር ጠይም ቀለም ወረቀት ላይ ሲወጣ ይጠቁራል፣ ይደፈርሳል። አስቀድማ "ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጠል በዚያው ወረቀትና በዚያው ማሽን አሳትመው ይላኩልኝ" ብላ ነበር። ማተሚያ ቤቱ አያስፈልግም ብሎ ሊያልፈው ሲል ድርቅ ብላ አስወጣች። የወጣው ናሙና ላይ ጣቶቹ አይለዩም ነበር። ቀለሙን አነጣችና ተስተካከለ። ሙሉው ታትሞ ቢሆን ኖሮ የጣት ምርመራው ገጽ ከጥቅም ውጭ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፣ ፋይል ስትቀባበሉ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት።

ውሉ ላይ ያስገባነው ነገር ለሌላው ይጠቅም ይሆናል። እርማት ረቂቅ ላይ እያለ የፈለግነውን ያህል ነው፤ ቀለም ከገባ በኋላ ሐሳብ ከቀየርን እንከፍላለን። የሕክምና ስህተት ከሆነ ግን መቼም ቢገኝ ታርማለች፣ በነፃ። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ረቂቅ ላይ ከእኛ በኩል አንድ ኃላፊነት ያለው ባለሙያ እንዲፈርም ጠየቀች። መጀመሪያ ቢሮክራሲ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው። አምስት ሰው በቴሌግራም አምስት ዓይነት አስተያየት የሚልክበት ነገር በአንድ ቀን ቆመ። ስለ መብቱ ደግሞ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ግን አዋጅ አለ ብላችሁ በቃል አትተዉት። ማን ያትማል፣ ማን ይሸጣል፣ ሌላ ድርጅት ቢፈልገው ማንን ይጠይቃል፣ ሁሉንም ጻፉት። እኛ በነፃ ለማደል እስከፈለግነው ማተም እንችላለን፣ መሸጥ አንችልም፤ ስሟ በመጨረሻው ገጽ ላይ በትንሹ ይወጣል። እዚያ ላይ ፈቃደኛ ናት፣ በአደባባይ መወራቱን ነው የማትፈልገው።

ለማን አይሆንም? እጅ መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ ዓይነት ቀላል ሥዕል ከሆነ የምትፈልጉት ጥሩ ግራፊክ ዲዛይነር ይበቃችኋል። ለነገ ስብሰባ የሚደርስ ነገር ከፈለጋችሁም አትደውሉላት። ከእናንተ በኩል ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ከሌለም አትጀምሩ፤ እኔ ከሥራ ሰዓቴ ብዙ ነው የሰጠኋት፣ ያለዚያ አይሆንም ነበር።

ጽሑፉን ከሥዕሉ ለይታ፣ ፋይሉ ውስጥ በተለየ ሌየር (ንብርብር) ነው ያስቀመጠችው። ስለዚህ ቋንቋ ስንቀይር ሥዕሉ አይነካም። አፋን ኦሮሞ በላቲን ሲጻፍ ከአማርኛው ረዘም ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ከመጀመሪያውም በየገጹ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ትታለታለች። የአፋን ኦሮሞው እትም አሁን እርማት ላይ ነው፤ የሚያርመው ባለሙያ ደግሞ የጣት ምርመራው ገጽ ላይ እናትየዋ ከሥር የምትጫንበት ቦታ ትንሽ ይጉላ ብሏል፣ ለእሷም ልከንላታል።